የይፋግ ቀሚስ

ፈንታነሽ ጥልቅ ብዬ ናት። እንዲህ የሚሏት ጠላቶቿ አይደሉም፤ የገዛ እናቷ ናቸው። ከጅዳ ወደ ሐሙሲት የተመለሰች ዕለት፣ ሻንጣዋ ከሚኒባሱ ሳይወርድ አጠገቧ የተቀመጡትን ሴትዮ የቤት ጉድ ሁሉ ጠይቃ ጨርሳ ነበር። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ሥራ ያጣል? ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና አንድ የእርዳታ ድርጅት ተጣምረው አካል ጉዳተኛ ልጆችን ከየጓዳው አውጥተን እናስተምር ሲሉ፣ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ፈለጉ። ማን ይሁን? ያችው!

ጅዳ በሠራችበት ቤት ያሳደገችው ልጅ እጅና እግሩ የማይታዘዝለት ነበር። አጉርሳ፣ አጥባ፣ በመኪና ትምህርት ቤት ታደርሰው ነበር። «የኛ አገሮቹስ የት ነው ያሉት?» የሚል ጥያቄ ያኔ ገብቶባት አልወጣ አለ። አሁን ክፍሉ ተዘጋጅቷል፤ ደብረ ታቦር የተሠራ ባለ መደገፊያ ወንበርም መጥቷል። ወንበር ብቻውን ግን አይማርም፤ ልጆቹ መስከረም ሳይጠባ መገኘት አለባቸው።

ዋንዛዬ ፍል ውኃ አጠገብ ሙላቴ ቤት የገባችው በነሐሴ መጨረሻ ነው። ሙላቴ ጠላ ቀዳችላትና ስለ ልጆቿ ስትጠየቅ፣ «ሁለቱ ወንዶች ካባታቸው ጋር እርሻ ናቸው። ሴቷ፣ የሺ፣ ይፋግ እናቴ ጋ ነው የምታድገው» አለች። ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር፤ ጎረቤቷ እማማ ትርንጎ በሩ ላይ ብቅ ባይሉ።

«ሙላቴ፣ ይችን ለየሺ ላኪልኝ። የእንቁጣጣሽ ናት» ብለው በእጃቸው የሰፉትን አዲስ ቀሚስ ሰጧት።

«ዘንድሮም አልረሷትም? እግዜር ይስጥልኝ!»

ፈንታነሽ ቀሚሱን ገለባበጠችው። «እማማ፣ ልጅቷን መቼ አዩዋት?»

«እኔ? ክርስትናዋ ዕለት።»

«ታዲያ ልኳን በምን አወቁ?»

«አንቺ ልጅ፣ ጠላሽን ጠጪ!» ብለው እማማ ትርንጎ ውልቅ አሉ።

ፈንታነሽ በጓሮ በኩል ስትወጣ፣ አጥሩ ላይ የታጠበ ቀሚስ ተንጠልጥሏል። ስፌቱ ያው የእማማ ትርንጎ ነው፤ ጠርዙ ተፈትቶ እንዲረዝም ተደርጓል። ይፋግ ያለች ልጅ ቀሚስ ዋንዛዬ ምን ይሠራል?

የጅዳው ልጅ ሰውነቱ የሚላላለት ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ሲገባ ነበር። ፍል ውኃ ደጇ ላይ ያላት እናትስ ምን ታደርጋለች? በማግስቱ ወደዚያው ወረደች። እማማ ትርንጎ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ሊታጠቡ የሚወርዱትን ሴቶች፣ «ቆዩ፣ ውኃው እየተጠረገ ነው» ይሏቸዋል። ሴቶቹም ያለ አንድ ቃል ቁጭ ይላሉ።

«ማን ነው የሚጠርገው?» አለች ፈንታነሽ።

ሁሉም አቀረቀረ። ያን ጊዜ ገባት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? «የሺ እዚሁ መሆኗን ሁላችሁም ታውቃላችሁ!»

«ቀስ በይ፣ ሙላቴ ትሰማሻለች!» አሉ እማማ ትርንጎ። «እሷ ሸሸገች፣ እኛም አላየንም። ሰው የሸፈነውን አይገልጡበትም።»

ፈንታነሽ ቁልቁል ወደ ውኃው አየች። ብትናገር ሙላቴ ልጅቷን እውነትም ወደ ይፋግ ብታሸሻትስ? ዝም ብትልስ ያ ወንበር ማን ይቀመጥበታል? ይህን ስታወጣ ስታወርድ ሙላቴ ከተለመደው ሰዓቷ ቀድማ ከታች ብቅ አለች። በጋቢ የተሸፈነ ከባድ ነገር አዝላ ታለከልካለች። ሴቶቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ተራራው አዞሩ።

ሙላቴ ደርቃ ቀረች። አንድ ሰው ፊቱን ቢያዞር ደንብ ነው፤ መንደር ሙሉ ሲያዞር ግን ሌላ ነገር ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች።

ሴቶቹ ከተራራው ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«ስምንት ዓመት ወገቤ ሲቆረጥ እያያችሁ፣ አንዳችሁ እንኳ ‹አምጪ ልዘልልሽ› አትሉኝም?»

«ነውርሽን ላለማየት ብለን ነው፣ ልጄ» አሉ እማማ ትርንጎ።

«ነውር? ልጄ ነውር ናት?»

ቃሉ ካፏ እንደወጣ እሷው ደነገጠች። ልጅቷን ጓዳ ያኖረቻት ማን ሆነና! እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ፈንታነሽ ግን ጥያቄ አያልቅባትም። ጠጋ ብላ ጋቢውን አናገረችው። «የሺ፣ ትምህርት ቤት ማየት ትፈልጊያለሽ?»

ከጋቢው ውስጥ ጸጉሩ የረጠበ ራስ ብቅ አለ። ልጅቷ ቃሉን በመከራ ነው ያወጣችው፤ ሁሉም ጠበቃት።

«ሩ... ሩቅ ነው?»

«ከይፋግ ይቀርባል።»

ሙላቴ እያለቀሰች ሳቀች። እማማ ትርንጎ እንዝርታቸውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጡና መጥተው ጀርባቸውን ሰጧት።

«አምጫት፤ ዳገቱን እኔ ልዘላት።»

ሙላቴ ትንሽ አመነታች። ከዚያ ጋቢውን ፈታች።