ቆቦ የቀረው ፋይሌ

ብድሩን የወሰድነው በአንድ ቀን፣ ከአንድ መስኮት ነው። እኔና ታናሽ እህቴ ቆቦ ገበያ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይተን ልብስ እንሰፋ ነበር። ለየራሳችን የስፌት መኪና ልንገዛ ከአንድ አበዳሪ ተቋም እኩል ገንዘብ ተበደርን። ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ እህቴ በእጅ ጽሑፏ ስለምታፍር የእሷንም ጭምር። ለወራት ሁለታችንም ሳናዛንፍ ከፈልን።

ጦርነቱ ሲደርስብን እህቴ ልጆቿን ይዛ በሮቢት በኩል ወደ ደሴ ሄደች። እኔ ቀረሁ። እናታችን ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ ስለነበረች ጥለናት መሄድ አንችልም፣ ተሸክመናትም መሄድ አንችልም። እህቴ በሩ ላይ ቆማ፣ "እታለም፣ ምን ላድርግ?" ስትለኝ፣ "ሂጂ፣ ልጆችሽን አውጪ" ያልኳት እኔው ነኝ። ይህን የማነሳው በኋላ ያደረብኝ ነገር ከእሷ ጥፋት እንዳልመጣ እንዲታወቅልኝ ነው።

ሱቃችን ተዘረፈ። መኪኖቹም፣ ጣቃዎቹም፣ ደንበኞች ሊሰፋላቸው ያስቀመጡት ልብስም ሄደ። የተቋሙ ቢሮ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ሲከፈት፣ የእኔ ዕዳ ወለድና ቅጣት ተደምሮበት ጠበቀኝ። ከጎረቤት መኪና እየተከራየሁ ቀዳዳ ስጠቅም የማገኘው ከእናቴ መድኃኒት አያልፍም ነበር። አስመላሾቹ ሲደውሉ ስልኬን ማንሳት ተውኩ።

እህቴ በበኩሏ ፋይሏን ወደ ደሴ አዛውራ ነበር። "እዚህ የተፈናቀልነውን መዝግበው አዲስ የመክፈያ ጊዜ ሰጡን" አለችኝ በስልክ። "ቅጣቱንም አነሱልኝ።" እኔም "እሰይ" አልኳት። ጥቂት ቆይታ ያንን ብድር ጨርሳ ከባንክ ሌላ ወሰደች፤ ሱቅም ከፈተች። ፎቶ ላከችልኝ። ሦስት በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ቀሚሶች፣ መሐል ላይ እህቴ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጥላ ትስቃለች። ፎቶውን እያሰፋሁ ክሩን ሳይቀር አየሁት። እናቴ ከአልጋዋ ሆና፣ "ማናት? ልጄ ናት? ምን ትላለች?" ስትለኝ፣ "ደህና ነኝ ትላለች" ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። ፎቶውን አላሳየኋትም። እናቴ በእህቴ ስትደሰት ማየት በዚያች ሰዓት አቃተኝ።

ቅናቱ ያደገው ግን ዋጃ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ዩኒፎርም እንድሰፋለት በጠየቀኝ ጊዜ ነው። ሁለት መኪና ያስፈልገኛል። እህቴ የተበደረችበት ከተማ ይሻለኛል ብዬ ደሴ ወርጄ አንድ ባንክ ገባሁ። የብድር ሠራተኛዋ መታወቂያዬን ተቀብላ ኮምፒውተሩ ላይ ስትፈልግ ቆየችና፣ "በስምዎ የተበላሸ ብድር አለ" አለችኝ። "ቆቦ ላይ የተመዘገበ ነው።"

"ቆቦ እኮ ሩቅ ነው" አልኳት፣ ምን እንደምል ጠፍቶኝ።

"የትም ቢሆን ሁሉም ባንክ ያየዋል" አለች። ወዲያው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ከዚያ አካባቢ የሚመጣ ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚገጥመው" ብላ መታወቂያዬን መለሰችልኝ።

ከዚያ ወደ እህቴ ሱቅ ሄድኩ። ተንደርድራ አቀፈችኝ፤ የሆነውን ስነግራት፣ "ቀሪውን ዕዳ እኔ ልክፈልልሽ" አለች። ያላት ከልቧ ነው። እኔ ግን ዙሪያዬን መኪኖቹን እያየሁ፣ "እማን ሳስታምም የት ነበርሽ?" አልኳት። እህቴ ሻይ አስመጣችልኝ፤ ሳልጠጣው ተነስቼ የቆቦ ሚኒባስ ያዝኩ።

በማግስቱ ከጦርነቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ተቋሙ ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ትሁት ሰው ነው። አንድ ቀን፣ አንድ መስኮት፣ እኩል ገንዘብ ብዬ ዘርዝሬ ነገርኩት። "ለእህቴ ቅጣቱ ተነሳላት። ለእኔ ለምን አይነሳም?"

"እሳቸው በተፈናቃይነት ተመዝግበዋል" አለኝ። "እርስዎ አልተፈናቀሉም።"

"ከቤቴ ስላልወጣሁ ነው የምቀጣው?"

ሰውዬው የያዘውን እስክሪብቶ አስቀመጠ። "ወረቀቱ የሚለው እንደዚያ ነው" አለ። "የዚህን አካባቢ ጉዳይ ለበላይ ጽፈናል፤ መልስ አልመጣም። እኔ የምችለው በትንሽ በትንሹ እንዲከፍሉ ማድረግ ነው።"

የጆሮ ወርቄን ሸጬ ጀመርኩት፤ ከዚያም ከዓመት በላይ እየቆነጠርኩ ጨረስኩት። የማጠናቀቂያ ወረቀቱን ይዤ እዚሁ ቆቦ ያለ ባንክ ብሄድም፣ ዘግይቶ የተከፈለ መሆኑ ገና ስለሚታይ ጊዜ መጠበቅ አለብሽ ተባልኩ። "እስከ መቼ?" ብል ቁርጡን የሚነግረኝ አጣሁ።

የዩኒፎርሙ ሥራ እንዳያልፈኝ ግን ዕዳዬን ገና እየከፈልኩ ሳለሁ ኩራቴን ውጬ ለእህቴ ደውዬላት ነበር። ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አላነሳችም። በስሟ ተበድራ ሁለት መኪና ገዝታ ላከችልኝ፤ የወሩን ክፍያ እኔ በእሷ የሂሳብ ቁጥር አስገባለሁ። አንድም ቀን አሳልፌ አላውቅም። አንዳንዴ መኪናውን ዘይት ሳጠጣው፣ በወረቀት የእሷ መሆኑ ትዝ ይለኝና ጨርቁን መወርወር ያምረኛል።

ባለፈው ሳምንት ደወለች። ደስ ብሏታል። "እታለም፣ ባንኩ አንድ ቀን እንኳን ያላሳለፍሽ ታማኝ ከፋይ ነሽ አለኝ። ከፍ ያለ ብድር ሊሰጡኝ ነው።"

"እንኳን ደስ አለሽ" አልኳት።

"አንቺ እኮ ነሽ የከፈልሽው" አለች።

ይህን ባትለኝ ይሻለኝ ነበር። ባታውቀው ኖሮ ልናደድባት እችል ነበር፤ ማወቋ ያንንም ወሰደብኝ። ደንበኛ መጣ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት፤ የመጣ ሰው አልነበረም። የወሩን ክፍያ ግን በማግስቱ ጠዋት አስገባሁ፤ ቀኑ ሊሞላ ገና ሦስት ቀን ይቀረው ነበር።