ግጥም የሌለው የሲላስ አልበም

ሲላስ በጅማ ሄርማታ መርካቶ ጆንያ ይሸጣል፤ የተቀደደውንም ይሰፋል። እሑድ እሑድ ደግሞ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቫዮሊን ይጫወታል። ቫዮሊን የያዘው፣ ድምፁን የሰሙት መዘምራን ሌላ የሚያገለግልበት ነገር እንዲፈልግ በፍቅር ከለመኑት በኋላ ነው። ያስተማረው ሰው የለም። ከስልኩ ላይ እያየ፣ ጣቱ እየሳተ፣ ጎረቤት እያስመረረ ለመደው። ጃዝ የሚባለውንም ያገኘው በዚያው ስልክ ነው። ሚስቱ ሩት መጀመሪያ የሰማችው ቀን፣ «መንገድ ጠፍቶበት ደስ ያለው ሰው ይመስላል» አለች። ሲላስ ግን ከሆሳዕና ከተማ ይዞት የመጣውን የሀገሩን ዜማ፣ የጅማን የሠርግ ምትና የእሑዱን መዝሙር በዚህ መንገድ አንድ ላይ ማስኬድ እንደሚቻል ታየው። አልበም ሊያወጣ ተነሣ፤ ዘፋኝም ዘማሪም የሌለበት፣ ቫዮሊን ብቻ የሚናገርበት።

ስቱዲዮው የሲና ነው። ሲና የሠርግ ዘፈንም መዝሙርም በአንድ ዓይነት ፊት የምትቀዳ ሴት ናት። ክፍሏ ከሀጂ ቲጃኒ የቡና መፈልፈያ ጋር በግድግዳ ይገናኛል። ሲላስ ግድግዳውን በጆንያ ደራርቦ ሸፈነላት፤ ክፍሉ ቡና ቡና ሸተተ እንጂ የማሽኑ ጩኸት አልቀነሰም። ወቅቱ የቡና ስለሆነ መፈልፈያው ከንጋት እስከ ምሽት ያጓራል። ማታ ሲና ልጆቿን ጥላ አትመጣም። ማሽኑ ዝም የሚለው ዓርብ፣ ሀጂና ሠራተኞቻቸው ለጁምዓ ሲሄዱ ብቻ ነው። እናም የወንጌል አማኙ ሲላስ አልበም ከአንድ ሥራ በስተቀር በሙስሊሞቹ የሶላት ሰዓት ተቀድቶ አለቀ።

«ሀጂ፣ ዛሬ ዱዓውን ረዘም ያድርጉልን» ትላቸው ነበር ሲና።

«ለናንተ ስል ኢማሙን ልለምንላችሁ? ወላሂ፣ ቫዮሊን ስትሉ ጀሀነም እንዳታስገቡኝ!»

የቀረው ሥራ የመጨረሻው ነው። ሩት በወሊድ ከሞት የተረፈች ሰሞን ሲላስ ሊጸልይ ተንበርክኮ አንድ ቃል እንኳ አልወጣው ብሎ ቫዮሊኑን አነሣ። ያን ቀን የተጫወተው ምስጋና ነው።

በአጥቢያው ልማድ ማንኛውም አልበም በመድረክ ከመመረቁ በፊት፣ የትምህርት ስሕተት እንዳይኖርበት ሽማግሌዎች ግጥሙን ይመረምራሉ። መርማሪው ጋሽ ዘርሁን ናቸው።

«ግጥሙን አምጣ» አሉት።

«ግጥም የለውም፣ ጋሽ ዘርሁን።»

«ታዲያ ምኑን ልመርምር?»

«ስሕተት የለበትም ማለት ነዋ» አለች አብራው የመጣችው ሲና።

«አንቺ ዝም በይ። ቃል የሌለው መዝሙር ለማን እንደ ተዘመረ በምን ይታወቃል? መጠጥ ቤት ቢከፍቱትስ? ወንድም ሲላስ፣ የመጨረሻው ላይ ቢያንስ አንድ ቃል አስገባና እፈቅዳለሁ።»

ሲላስ አዘነ። ያለ አጥቢያው ምርቃት አልበሙን የሚሰማለት ወገን የለውም። ቃል ከጨመረበት ደግሞ ያ ጸሎት የሱ ጸሎት አይሆንም፤ የሱ ጸሎት ቃል ያጣ ነበር። «ጌታ ያውቃል» አለና ዓርብን ጠበቀ።

ዓርብ ጋሽ ዘርሁን ቃሉ መግባቱን በዓይናቸው ለማየት መጡ፤ የጆንያ እስር ላይ ተቀመጡ። ማሽኑ ዝም አለ። ሲና፣ «መጀመሪያ ይጫወት፣ ቃሉን ኋላ እንጨምራለን» አለች፤ ማይኩን ከፈተች።

ሲላስ ዐይኑን ጨፍኖ ጀመረ። ጋሽ ዘርሁን ሰዓታቸውን አዩ፤ ቆይተው እግራቸው መሬቱን መምታት ያዘ፤ በእጃቸው ጉልበታቸውን ተጭነው አስቆሙት። ዜማው ዝግ ሲል ግን አንገታቸውን ደፉ። የመጨረሻው ድምፅ ቀጥኖ ሊጠፋ ሲል፣ ሃምሳ ዓመት ከጸሎት መጨረሻ ላይ እንደ ለመዱት፣ ከሆዳቸው፦

«አሜን!»

ከበሩም ሌላ ድምፅ፦ «አሚን።» ሀጂ ቲጃኒ ናቸው። ከሶላት ተመልሰው፣ እንዳይረብሹ መዳፋቸውን ዘርግተው ቆመው ነበር። ፊታቸውን አበሱ። ወዲያው ሠራተኞቹ ማሽኑን አስነሡት።

«ገባ» አለች ሲና እየጮኸች።

«ምኑ?»

«ቃሉ ነዋ፣ ጋሽ ዘርሁን። የርስዎም የሀጂም።»

«አውጪው! የኔን እንኳ... የሳቸውን አውጪ!»

«ተጣብቀዋል። ከቆረጥኩ የቫዮሊኑ ድምፅ ጭራ አብሮ ይሄዳል። እንደገና እንቅዳ እንዳንል ማሽኑን ይሰማሉ።»

«ሼክ ዘርሁን» አሉ ሀጂ፣ «እኔ ይሄን ልጅ ወቅቱን ሙሉ በበሩ ሳልፍ ስሰማው፣ አላህን እያመሰገነ መስሎኝ ነው። ተሳሳትኩ እንዴ?»

ጋሽ ዘርሁን ሲላስን አዩት። እሱ ቀስቱን እንደያዘ፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቆሟል። ጺማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ፤ ሥራቸው ምርመራ ነውና መረመሩ።

«በቃሉ» አሉ በመጨረሻ፣ «የትምህርት ስሕተት አላገኘሁበትም።»

አልበሙ እሑድ ተመረቀ። ያ ቦታ ሲደርስ ምእመናኑ አብረው አሜን አሉ፤ ጋሽ ዘርሁን ከሁሉ ቀደሙ። ሲላስ ቤቱ ገብቶ ሽፋኑን ለሩት ሰጣት። ዜማው በሱ ስም ነው። ሲና ልማድ ሆኖባት የግጥሙንም ቦታ ባዶ አልተወችውም፦ «ግጥም፦ ዘርሁንና ቲጃኒ» ይላል።