ቶሌራን በማንኪያ ያበላንበት ክረምት

ባለፈው ሰኞ፣ አምቦ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ በመምህራን ክፍል ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ አንዲት ባልደረባዬ ስለ ጎረቤቷ ሕፃን አወራችን። እግሮቹ አይንቀሳቀሱም። «ባይወለድ ይሻለው ነበር» ስትል ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ሐሳቤ ጌዶ ከተማ፣ እህቴ ቤት ገባ።

ከዓመታት በፊት ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት እጠብቅ ነበር። እህቴ ጫልቱ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ላርሳት ሄድኩ። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ መንገድ ላይ ነበር። ክረምቱ ጌዶን በጉም ሸፍኗት፣ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ቤቱ ገንፎና ቅቤ ይሸታል፤ ደስታ ግን አልነበረበትም። የሕፃኑ ከንፈር እስከ አፍንጫው ተሰንጥቋል፤ ላንቃውም ክፍት ነው። ጡት ሲሰጡት ወተቱ በአፍንጫው ይመለሳል።

የባሏ አክስት አዴ ብርቄ ክፉ ሴት አልነበሩም። ገንፎውን የሚያገነፉት፣ የእህቴን ገላ የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። ግን በር ላይ ጠርተውኝ፣

«ልጄ፣ በከንቱ አትልፊ። ዝም ብንል እግዜር ይወስደዋል። ይሄ ምን ሰው ይሆናል?» አሉኝ።

«አሁንም ሰው ነው፣ አዴ!»

ቤተሰባችን በአምቦ ካሉት ጥቂት የካቶሊክ ቤተሰቦች አንዱ ነው። ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማሩን አባ፣ የሰው ሕይወት ከማኅፀን ጀምሮ ቅዱስ ነው፤ ክብሩም ከጤናው ወይም ከጥቅሙ ሳይሆን እግዚአብሔር በመልኩ ስለፈጠረው ነው ይሉን ነበር። እኔ ለፈተና የሚጠና መልስ ይመስለኝ ነበር። ያ መልስ አንድ ቀን ክንዴ ላይ ተኝቶ በረሃብ ያቃስታል ብዬ መች አሰብኩ?

እህቴ ወተቷን በሲኒ አለበች። እኔ ሕፃኑን ቀና አድርጌ በማንኪያ ጠብ ጠብ አደረግኩለት። ግማሹ ፈሰሰ፣ ግማሹ ገባ። አዴ ብርቄ «ታሰቃዩታላችሁ» እያሉ ይወጣሉ፣ ይገባሉ።

በማግስቱ ዝናቡ ጋብ ሲል እኔና እህቴ ሕፃኑን ይዘን በሚኒባስ ወደ አምቦ ተሳፈርን። አጠገባችን የተቀመጠች አንዲት ሴት ሕፃኑን አየችና፣ «እባክሽ ሸፍኚው፤ እዚህ እርጉዝ አለች» አለችኝ።

«ፊቱ ነው፤ ይተንፍስበት!» አልኳት። አልሸፈንኩትም።

አምቦ ሐኪም ቤት አንዲት ነርስ አመጋገቡን አሳየችን፤ ጠንከር ሲል አዲስ አበባ ሄዶ ከንፈሩና ላንቃው እንደሚሰፋም ነገረችን። ካርድ ልታወጣለት ስሙን ስትጠይቅ እኔ ደነገጥኩ። እቤት ማንም ስም አላወጣለትም ነበር። እህቴ ግን ከወለደች ወዲህ ሰምቼው በማላውቀው ጠንካራ ድምፅ «ቶሌራ» አለች። በኦሮምኛ፣ መልካም ሆነ ማለት ነው።

ቶሌራ ተሰፋ፣ አደገ። ሲናገር ዛሬም ድምፁ በአፍንጫው ይወጣል፤ ወሬው ግን አያልቅም። አዴ ብርቄ ሳይቀሩ «እንኳን አልተውነው፤ ይኸው ጎበዝ ተማሪ ሆነ» ይላሉ።

እዚህ ላይ እምቢ እላለሁ። ጎበዝ ባይሆንስ? ባይሰፋስ? አንድም ቃል ባይናገርስ? ያን ቀን ማንኪያ ያነሳሁት ለተራበ ሕፃን እንጂ ለጎበዝ ተማሪ አልነበረም።

ለባልደረባዬም ይህንኑ ነገርኳት። «አንቺ ደግሞ ታከርሪያለሽ» አለችኝ።

አዎ፣ አከርራለሁ። የአንድ ሕፃን መኖር ሻይ እየተጠጣ ሲመዘን ዝም የምልበት ዕድሜ ላይ ገና አልደረስኩም። መድረስም አልፈልግም።