ሌሊት ያጣው የገና አበባ

ደብረ ታቦር ባለው ቤታችን በር አጠገብ አባቴ የተከሉት ቁጥቋጦ አለ። እኛ ቤት ስሙ የገና አበባ ነው። ክረምቱን አረንጓዴ ሆኖ ይከርምና ኅዳር ላይ የጫፍ ጫፉ ቅጠል መቅላት ይጀምራል፤ ለገና ፍም ይመስላል። አባቴ ቄስ ነበሩ። ወር በገባ ቁጥር ቀኑና ሌሊቱ ስንት ስንት ሰዓት እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰምተው ይመጡና መጀመሪያ የሚነግሩት ለአበባው ነበር። «በል፣ ሌሊቱ ረዝሞልሃል፤ ጥገብ» ይሉታል። እኛ እንስቃለን።

እሳቸው አርፈው፣ የለቀስተኛው ጋጋታ አልፎ እናቴ ብቻዋን ስትቀር ሆዴ አልችል አለ። እኔ የምሠራው ባሕር ዳር ነው። ጨለማው እንዳያስፈራት ብዬ ደጃፉ ላይ ትልቅ አምፖል ሰቀልሁና «እስኪነጋ እንዳታጠፊው» አልኋት። ከዚያ ወዲህ ራሴን እያመሰገንሁ ነበር የምተኛው።

ኅዳር ላይ ሙት ዓመታቸው ወጣ። ዘመድ ሁሉ ከሏን እንድታወልቅ ለመናት፤ ያ የሐዘን ጥቁር ልብስ ቀለሙ ሁሉ ለቋል። «አበባው ሲቀላ አወልቃለሁ» አለች። ገና ደረሰ፤ አበባው ግን አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ።

«እሱም ጌታውን አጥቷል» አለችኝ። «እሱ ሐዘን ላይ ሆኖ እኔ ምን ብዬ ላውልቅ?»

ተናደድሁ። እናቴ ለቅጠል ብላ ዕድሜዋን በከል ልትጨርስ ነው ብዬ፣ ልቆርጠው መጥረቢያ ይዤ ወጣሁ። በጀርባው ስዞር ቆምሁ። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ከአምፖሉ የጋረዳቸው ቅርንጫፎች ደም መስለው ቀልተዋል። በአምፖሉ ፊት ያሉት ግን ሌሊት አልመሸላቸውም። አባቴ ትዝ አሉኝ። ጨለማ እንዳይጠግብ ያደረግሁት እኔው ነኝ።

እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። ቀዩን ቅጠል ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው።

«እኔስ ብሆን፣ ልጄ» አለች። «ብርሃኑ በመስኮት እየገባ ደህና እንቅልፍ ከተኛሁ ቆየሁ። ለኔ ብለህ የሰቀልኸውን አጥፋልኝ ማለት ከበደኝ።»

አፈርሁ። አምፖሉን በዚያው ዕለት ፈታሁት።

አበባው ዘግይቶ፣ የካቲት ሊያልቅ ሲል ቀላ። ዓመት በዓል ባልሆነ ተራ እሑድ እናቴ ደወለችልኝ። «ነጩን ለብሻለሁ» አለችና ሳቀች፤ «ግን እንቅልፍ ይዞኝ ሄዶ ቅዳሴው አመለጠኝ።»