ጤነኛ ነው ብዬ ፈረምኩ

ቁጡ ሰው ነኝ። ልደብቀው ብልም አይደበቅልኝ፤ የዚህ ታሪክ ግማሽ ጣጣም የመጣው ከዚሁ ቁጣዬ ነው።

በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት አሰበ ተፈሪ ነርስ ነበርኩ። ከደብረ ማርቆስ የመጣሁ፣ አዲስ አበባ ላይ የአእምሮ ሕክምና ተምሬ የተመደብኩ። ሲመድቡኝ ከሆስፒታሉ መጋዘን ጎን አንዲት ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ሰጡኝና «በሽተኛ ሲመጣ ታከሚያለሽ» አሉኝ። አንድ ወር ተቀመጥኩ። ማን ይምጣ? አብዷል ተብሎ ቤቱ የታሰረ ሰው በእግሩ ሆስፒታል አይመጣም! እኔው ልሂድላቸው ብዬ ተነሣሁ። መርፌና መድኃኒቴን በቦርሳ፣ መዝገቤን በብብቴ ይዤ ከሚኤሶ እስከ ቦኬ በጭነት መኪና፣ መኪና ሲጠፋም በእግሬ ዞርኩ። ሾፌሮቹ «የእብዶች ሲስተር መጣች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። «ዝም ብለህ ንዳ፣ አንተንም አንድ ቀን እመዘግብሃለሁ» እላቸዋለሁ።

የዚህን ታሪክ ባለቤት፣ ልብስ ሰፊውን፣ ያገኘሁት ሂርና ነው። ከገበያው ጀርባ፣ በእናቱ ቤት ጓዳ፣ ከምሰሶው ጋር በሰንሰለት ታስሮ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሦስት ዓመት ታስሯል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቆዳው ጠቁሮ ደድሯል። እናቱን ግን ክፉ ሴት እንዳትሏት። «ድምፅ ይጠራዋል» አለችኝ፤ አማርኛዋ እንደኔ ኦሮምኛ የተሰባበረ ነው። «አስፋልት ላይ ሄዶ መኪና ፊት ይቆማል። ሁለት ቀን ቆመ። ሦስተኛ ቀን አሰርኩት። ኢልማ ኮ፣ ልጄ እኮ ነው፣ ምን ላድርግ?» ምን ትመልሱላታላችሁ? እኔ መርፌ ነበረኝ።

በየአራት ሳምንቱ የሚሰጥ ሞዲኬት የሚባል መርፌ ነው። የሰፈሩ ሼህ ዱዓ እያደረጉለት ስለነበር ሰዉ ከእሳቸው ጋር የምጣላ መስሎት ሊያይ ተሰበሰበ። እሳቸው ግን «ዱዓውም መርፌውም ከአላህ ነው፣ ውጊው» ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። የከበደኝ ጫቱ ነበር። በሽታውን ይቀሰቅስበታል፤ ታዲያ ሂርና ውስጥ ጫት አትቃም ማለት ሚኤሶ ተቀምጠህ አትላብ እንደማለት ነው። ጎረቤቱን ሁሉ እየዞርኩ «ለእሱ የሰጠ ሰው ከእኔ ጋር ነው የሚነጋገረው» አልኩ። ያንን የማርቆስ አፌን ስለሚያውቁት ማንም አልሰጠውም።

አምስተኛውን መርፌ የወጋሁት ቀን ቀና ብሎ አየኝ። «ሲስተር፣ ቁልፍሽ ሊወድቅ ነው» አለኝ። ጋውኔን አየሁት፤ እውነትም ቁልፉ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። መርፌና ክር ጠየቀ። እናትየዋ ደነገጠች፣ በዓይኗም በእጇም አይሆንም አለችኝ። እኔ ጋውኔን አውልቄ ሰጠሁት። ሰፋው፤ ክሩንም በጥርሱ በጠሰ። ያኔ እናትየዋ የሰንሰለቱን ቁልፍ ከመቀነቷ ፈትታ ከፈተችው። እኔ ጉዳይ አለኝ ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁና ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ቀበሌው የመጣብን። ልጁ የስፌት መኪናውን አቧራ ጠርጎ እንደ ድሮው የሱቅ በረንዳ ላይ ሊሠራ ሲል ሊቀመንበሩ አስቆመው። «እብድ መቀስ ይዞ ገበያ መሃል አይቀመጥም!» ሄድኩበት። ታክሟል፣ መድኃኒት ላይ ነው፣ ክትትል አለኝ፣ ሁሉንም አስረዳሁት። ሰውየው እርሳሱን እያሽከረከረ «ሲስተር፣ እኔ ክትትል ምናምን አላውቅም። እብድ ነው ወይስ ጤነኛ?» አለኝ። ሦስት ጊዜ እንዲሁ ጠየቀኝ። ደሜ ፈላ። ወረቀት ተቀብዬ በትልልቁ «ጤነኛ ነው» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ሆስፒታል ተመልሼ ማኅተም አስመታሁበት። አለቃዬ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ በሕክምና ላይ ያለ ነው የሚባለው። ይሄ ቃል ወዴት እንደሚሄድ አታውቂም። ዝም አይነቅዝም» አሉኝ። «ዝም ሲባል እኮ ነው ሦስት ዓመት የታሰረው!» አልኳቸው። እውነት ነበር። እሳቸውም እውነት ነበራቸው፤ ያን ጊዜ ግን ማን ይሰማቸዋል።

ወረቀቱን ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት፤ ልጁ ሱቅ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ሱሪ አሳጠረ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፋ፣ ኮሌታ ገለበጠ። ዓመት አለፈው።

አንድ ጠዋት እናቱ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ሻሿ ወልቆ አንገቷ ላይ ወድቋል። አፈሳ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ቀበሌው የታዘዘውን ያህል ሰው ጎድሎበት ልጇን ከስፌት መኪናው ላይ አንሥቶ ወስዶታል። ነገ በወታደር መኪና፣ በኦራል፣ ተጭነው ይሄዳሉ። መርፌው የሚወጋበት ቀን ሊደርስ ሳምንት ቀርቶታል። ጦር ሜዳ ማን ይወጋዋል? ከዚያ ደግሞ ያ ድምፅ ይመጣበታል፣ ያውም ጠመንጃ ይዞ። ጭነት መኪና ላይ እንደተሳፈርን እናቲቱ እጄን ይዛ እስከ ሂርና አልለቀቀችኝም።

የያዟቸው በትምህርት ቤት ግቢ ነው። ወይ ጉድ! ግቢው በእብድ ተሞልቷል። አንዱ ሸሚዙን ቀዶ ለዛፍ ንግግር ያደርጋል፣ አንዱ አፈር ይበላል፣ አንዱ እንደ ዶሮ ይጮኻል። እብድ አይወሰድም ሲባል ሰምተው ሁሉም አብደዋል። የእኔ ሰውዬ ብቻ ግድግዳ ሥር እግሩን አጣጥፎ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

መዝጋቢው መቶ አለቃ ጠረጴዛው ላይ ሻይ ይዞ ተቀምጧል፤ ፊቱ የከሳ፣ ሳል የያዘው ሰው ነው። ሊቀመንበሩ አጠገቡ ቆሟል። ልጁ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው ስል ሊቀመንበሩ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። የእኔው ወረቀት! የእኔው ጽሑፍ፣ የእኔው ፊርማ፣ ያ ማኅተም። «ጤነኛ ነው ብላ የመሰከረች እሷ ናት፣ ጓድ መቶ አለቃ።» በአፍ ይጠፉ፣ በለፈለፉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መቶ አለቃው ወረቀቱን አየና ወደ ግቢው በእጁ አሳየኝ። «ሲስተር፣ ዛሬ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ እብድ ነው። ጤነኛ የሚመስለኝ ያ ያንቺው ብቻ ነው።»

ወደ ልጁ ሄድኩ። አሁን የምናገረውን ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ጎኑ ቁጢጥ ብዬ በሹክሹክታ «ትንሽ ጩህ» አልኩት። «ሸሚዝህን ቅደድ፤ ለብቻህ አውራ። ለአንድ ሰዓት ብቻ። ይለቁሃል።»

ሸሚዙን አየው። ራሱ የሰፋው ነው፣ ኪሱ ላይ ድርብ ስፌት ያለው።

«አልቀድም» አለኝ። «ከዚያ ለመውጣት ያየሁትን አንቺ ታውቂያለሽ። ወላሂ፣ በውሸትም አልመለስበትም። ይውሰዱኝ።»

ተነሣሁ። ጠረጴዛው ጋ ተመልሼ ቆምኩ።

«መቶ አለቃ፣ ያ ወረቀት ጎደሎ ነው። ያጎደልኩት እኔ ነኝ፤ ይጠየቅ ቢባል የምጠየቀው እኔ ነኝ። ሰውየው ታሟል፣ ድኗል፣ መርፌው ከቀረ ደግሞ ይታመማል። ይኸው ነው።»

«እብድ ነው በይና ይውጣ» አለኝ። ሰውየው ሊረዳኝ ፈልጎ ነበር፣ ይገባኛል። «አንድ ቃል ነው።»

«አልልም! እብድ አይደለም። ከወሰዱት መርፌውን የምወጋው እኔ ነኝና እኔንም ይጻፉኝ። ብዕርዎን ያንሡ፣ ስሜን ልንገርዎት።»

ሊቀመንበሩ ሳቀ። መቶ አለቃው አልሳቀም። ልጁን በእጁ ጠራው፤ መጥቶ ፊቱ ቆመ። ያ የሚጮኸው፣ ያ አፈር የሚበላው ሁሉ ሊሰማ ጸጥ አለ።

«ምንድን ነው የሚያምህ?»

«ድምፅ ይመጣል» አለ ልጁ፣ የሱሪ ልክ እንደሚናገር ሰው ረጋ ብሎ። «አለቃ ይመስላል። መኪና ፊት ቁም ይለኛል፣ እቆማለሁ። እናቴ ሦስት ዓመት አሰረችኝ። አሁን መርፌ አለ፣ ድምፅ የለም። መርፌ ከሌለ ይመጣል።»

«ጠመንጃ ብሰጥህስ?»

«እተኩሳለሁ። ግን እሱ ሲመጣ የሱን ትእዛዝ ነው የምሰማው፣ ያንተን አይደለም። ይሄን አስቀድመህ እወቅ።»

መቶ አለቃን «አንተ» ማለቱን እንኳ ማንም ልብ አላለም። ሰውየው ሻዩን ጠጣ፣ ሳለ፣ መዝገቡን ገልጦ አንድ መስመር ሰረዘ። ሊቀመንበሩ ወዲያው «እንግዲያው መቀሱን እንቀማዋለን፤ ሱቁም ይዘጋል» ሲል እኔ ጠረጴዛውን ይዤ አልነቃነቅ አልኩ። «ይጻፉልኝ መቶ አለቃ! በሕክምና ላይ ያለ ስለሆነ ከውትድርና ቀርቷል፣ ሥራው ላይ ማንም እንዳይነካው ብለው ይጻፉልኝ።»

«አንቺ ሴት፣ ባል አለሽ?» አለኝ።

«የለኝም።»

«አልገረመኝም» አለና ጻፈልኝ።

እናቲቱ በሩ ላይ ልጇን አቅፋ መላ ፊቱን ሳመችው፤ ከዚያም ለሼሁ ልትነግር ሮጠች። እኛ ወደ አስፋልቱ ወረድን። እኔ ደስታው አስክሮኝ እለፈልፋለሁ፤ ሊቀመንበሩን እንዲህ ብዬው፣ መቶ አለቃው እንዲህ ብሎኝ፣ ፊቱን አይተኸዋል ወይ እላለሁ። እሱ ከሱቁ በረንዳ አጠገብ ስንደርስ ቆመ።

«አንቺም እብድ ሁን አልሽኝ» አለ።

ፈርቼልህ ነው ልል አሰብኩ፣ ኦራሎቹ ቆመው ስላየሁ ነው ልል አሰብኩ። ሁሉም እውነት ነበር፣ አንዱም ግን አልወጣ አለኝ።

«አጥፍቻለሁ» አልኩት። «ይቅር በለኝ።»

የስፌት መኪናውን ጨርቅ ገፈፈ፣ ወንበሩን ሳበ፣ ተቀመጠ። ሲወስዱት ግማሹ የቀረ የተማሪ ሱሪ መርፌው ሥር እንደተያዘ ነበር።

«እሺ» አለኝ ቀና ሳይል። «ሁለተኛ ግን፣ ጤነኛ ነው ብለሽም ሆነ እብድ ነው ብለሽ ከመፈረምሽ በፊት እኔን ጠይቂኝ።»

«ወላሂ እጠይቅሃለሁ» አልኩት፣ እኔ የማርቆስ ክርስቲያን።