ኮራብን ያልኩት ሰው

ዛሬ እዚህ ሳዑዲ፣ አቡ ዓሪሽ ከተማ፣ ዓይን ክሊኒክ ውስጥ፣ ሰው ፊት አንገቴን ደፋሁ።

«ሰኢድ አል-ዓሪዳ የሚባል ገጠር በግ ጥበቃ ከገባ ወዲህ ኮራብን፣ ሰላምታም ነሳን» ብዬ ለአገር ልጅ ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኝ። (በግ ጠብቆ የኮራ ሰው የት እንዳየሁ እንጃ!)

ዛሬ ቀጠሮ ነበረውና «አረብኛውን አስተርጉምልኝ» ብሎ ጠራኝ።

ሐኪሙ «የዓይኑ የፊት ሽፋን ሳስቶ ወደ ውጭ ወጥቷል። ጠብታ አድርገን በብርሃን እናጠነክረዋለን። የጠፋውን እይታ አይመልስም፤ እንዳይብስ ግን ይገታዋል» አለኝ።

ስነግረው ሰኢድ «ወላሂ፣ ሰው አጠገቤ ካልደረሰ ማንነቱን መለየት ካቃተኝ ቆየ» አለ።

አላስቻለኝም፤ ሐሜቴን ተናዘዝኩለት።

«አብሽር፣ ሰምቼ ነበር» አለኝ።

ሰምቶም የጠራው እኔን ነው። አሁን ታክሞ እኔ ክፍል ተኝቷል፤ ቀና ብዬ ማየት አፍሬያለሁ።

እናንተስ ሳትጠይቁ የፈረዳችሁበት ሰው አለ? ይቅርታውን እንዴት ጠየቃችሁ?