አማቴ የሠሩት የውሃ ወፍጮ

ባሌን የወሰዱት ገብሱ እሸት ሳለ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከሁለት ታጣቂዎች ጋር መጥቶ ሽምብራ ሊዘራበት ያርስ ከነበረው መሬት ጠራው። እርፉን ለአባቱ አስረከበ፣ እግሩን ታጠበ፣ ጋቢውን ደረበና ተከተላቸው። ወደ ንፋስ መውጫ፣ ከዚያ በመኪና ወደ ማሠልጠኛ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን። ከተጋባን ዓመት አልሞላንም ነበር። ስለዚያ ቀን ሲጠይቁኝ ቶሎ ትዝ የሚለኝ ወጥ ማሳረሬ ነው።

ቤቱ ውስጥ እኔና አማቴ፣ የባሌ አባት፣ ቀረን። ሚስታቸው እኔ ከማግባቴ በፊት ሞተዋል። አማቴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ። ቻይናዎች የወልድያን መንገድ ሲሠሩ በቀን ሠራተኛነት ድንጋይ ፈልጠዋል። ሥራው ሲያልቅ ሌላው ሰው ብርድ ልብስና ሳፋ ይዞ ሲመለስ፣ እሳቸው የተጣለ ብረት ተሸክመው መጡ፤ የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ፣ ብሎን፣ ጎማ የሚዞርበት አንድ ትልቅ ኩሽኔታ። ኩሽኔታውን ሞራ ቀብተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ቆጥ ላይ አኑረውት ነበር። አንዳንድ ቀን ያወርዱትና በጣታቸው ያሽከረክሩታል። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም።

መጀመሪያ ላይ ለፈቃድ የሚመጡ ወታደሮች ሰላምታ ያደርሱን ነበር። "ደህና ነው፤ ጠቁሯል እንጂ ደህና ነው" ይሉናል። ከዚያ ሰላምታው ቆመ። አንድ ክረምት አለፈ፤ ሌላም ተከተለ። መርዶ አልመጣም። የሞተ ሰው መርዶ አለው፣ ፍትሐት አለው፣ ተዝካር አለው። በሕይወት ያለ ደግሞ ወይ ራሱ ይመጣል፣ ወይ ወሬው ይመጣል። የእኔ ባል ከሁለቱም አልሆነም። ጥቁር አልለበስኩም፤ ጸጉሬንም አልተሠራሁም። ጎረቤቶችም ቀስ በቀስ መጠየቁን ተዉት።

እኔ እፈጭ ነበር። ማልጄ እነሣና ከወፍጮው ላይ አጎነብሳለሁ፣ መጁን ይዤ ፀሐይ እስክትወጣ ወደ ፊት ወደ ኋላ እላለሁ። ሌሎቹ ሴቶች ሲፈጩ ያንጎራጉራሉ፤ እኔ አላንጎራጉርም። ክንዴ ይዝላል፣ ወገቤ ይዝላል፣ ዱቄቱ ይወርዳል፤ ሌላ ነገር የለም። ለሁለት ሰው ከሚበቃው በላይ እፈጭ ነበር።

አንድ ማለዳ አማቴ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ።

"ልጄ፣ ይህን ሥራ ውሃው ይሥራልሽ" አሉኝ።

"የቱ ውሃ አባዬ?"

"ከታች ያለው ወንዝ ነዋ። በወጣትነቴ ጎጃም ተሻግሬ አይቻለሁ። ውሃ ድንጋይ ያዞራል።"

"እንዳሉት ይሁን" አልኳቸው። ቢሠራም ባይሠራም ለእኔ አንድ ነበር።

በጋውን ሙሉ ሠሩ። ዘንጉን ከወይራ ጠረቡ፣ ውሃው እየመታ የሚያዞራቸውን ክንፎች ከዋንዛ ቀረጹ። ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ከገደሉ ሥር ፈልጠው፣ ክብ አድርገው፣ በበሬ አስጎትተው አወረዱ። ከወንዙ ላይኛ በኩል ቦይ ቆፈሩ፤ ቦዩ ሸለቆው ጋ ሲደርስ ውሃውን በተቦረቦረ ግንድ አሻገሩት። እኔ አፈር እሸከም ነበር። አሸከሙኝ፣ ተሸከምኩ።

የመጀመሪያውን መዘውር የሐምሌ ጎርፍ ወሰደው። ሁለተኛው ዞረ፤ ነገር ግን ዘንጉ የቆመበትን እንጨት እየበላ ወደ ታች ሰመጠ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ተፋተገና ዱቄቱ አሸዋ ሆነ። አማቴ ወንዙ ዳር ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ውሃውን አዩት። ከዚያ ቤት ገብተው ኩሽኔታውን ከቆጡ አወረዱ። የንፋስ መውጫ ቀጥቃጭ ባሌስትራውን አግሎ እየቀጠቀጠ ለዘንጉ የብረት ጫፍ አወጣላቸው፤ ጫፉ ኩሽኔታው ውስጥ ገባ። ውሃውን ሲለቁት ድንጋዩ ሳይንገጫገጭ ዞረ።

ሊቀመንበሩ ወሬውን ሰምቶ መጣ።

"አባት፣ ውሃው የሰፊው ሕዝብ ነው" አላቸው። "በግል ወፍጮ መትከል አይቻልም።"

"የግል ነው ያለህ ማነው?" አሉ አማቴ ከቦዩ ውስጥ ሳይወጡ። "ሰፊው ሕዝብ ይፍጭበት። ቦዩን ግን ሰፊው ሕዝብ ይጥረገው፤ እኔ አንድ ሰው ነኝ።"

ሊቀመንበሩ ዞር ሲል፣ ሚስቱ ስልቻ ሙሉ ገብስ አዝላ ቁልቁለቱን እየወረደች ነበር። "እንግዲህ…" አለና መንገድ ለቀቀላት።

ባሌን የጠራው ያው ሰው ነው። ፊቱን አየሁት። ሊሰማኝ የሚገባ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ጠበቅሁት፣ አልመጣም።

በዚያ ሳምንት ወንዙ ዳር ገበያ መሰለ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ዱቄቱን በእጃቸው ዘገኑ፣ አማቴን መረቋቸው። አንዷ ክንዷን እያሻሸች "ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሆንኩ" ስትል ሰማሁ። አማቴ አንድ እፍኝ ዱቄት ከወፍጮው ሥር አንሥተው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። ለብ ያለ ነበር።

"እንዴት ነው?" አሉኝ።

"ጥሩ ነው አባዬ።"

በማግሥቱ እንደ ልማዴ ማልጄ ነቃሁ። ዱቄቱ ሙሉ ነው። ውሃ ተቀድቷል። እጆቼን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ ተነሣሁና የተፈጨውን ዱቄት ከእቃው አውጥቼ በእጅ ወፍጮው ላይ መልሼ መፍጨት ጀመርኩ። ደግሜ ደግሜ ይህን አደረግሁ። አማቴ ሰሙ።

"ልጄ፣ ዱቄቱ ሻከረብሽ እንዴ?"

"አዎ" አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ።

መሮና መዶሻቸውን ይዘው ወረዱ። ላይኛውን ድንጋይ አስነሥተው ቀኑን ሙሉ ሲወቅሩት ዋሉ። የሚወርደውን ዱቄት በጣታቸው እያሹ ወደ ብርሃን ያዩታል። ልም ነበር፤ ድሮም ልም ነበር። በማግሥቱ ማለዳ ግን እኔ አሁንም በእጅ ወፍጮው ላይ አጎንብሻለሁ። መጥተው አጠገቤ ቆሙ። መዶሻውን ዘረጉልኝ።

"የኔ ዓይን ደክሟል። ከእንግዲህ ድንጋዩን መውቀር ያንቺ ሥራ ይሁን።"

ከዚያ ወዲያ ድንጋዩን የምወቅረው እኔ ሆንኩ። ድንጋዩ ሲለሰልስ እህሉን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይፈጨውም፤ ስለዚህ በየጊዜው መወቀር አለበት። ከመሐሉ እጀምርና ወደ ዳር እወጣለሁ። ፍንጣሪው ፊቴን ይመታኛል። አማቴ ደግሞ ከወፍጮው ሥር የሚወጣውን ውሃ ወደ ጎን መልሰው ድንችና ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትም ተከሉ። ለመንግሥት የእህል ኮታ ካስረከብን በኋላ የሚተርፈን ጥቂት ስለነበር፣ ያ የአትክልት መደብ ብዙ ጊዜ ራታችን ሆነ። ድንቹን አብረን እንልጣለን። ስለ ልጃቸው አንሥተው አያውቁም፤ እኔም አላነሣሁም።

መርዶው የመጣው በሚያዝያ ነው፤ ወንዙ ደርቆ ወፍጮው በቆመበት ጊዜ። ጎህ ሲቀድ ጎረቤቶቻችን ከነፍስ አባታችን ጋር በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው፤ ያን ጊዜ አወቅሁ። አንድ እግሩን ያጣ የስማዳ ሰው ከጦሩ ተሰናብቶ ሲመለስ ለነፍስ አባታችን ነግሯቸው ነበር። ባሌ የሞተው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ቦይ ስንቆፍር ሞቶ ነበር። ጎመን ስናጠጣም ሞቶ ነበር።

አማቴ መሬት ላይ ወድቀው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እሳቸውን ሲያለቅሱ ማየቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ ድምፃቸውን ሳልለየው ቀረሁ። እኔ ቆሜ ነበር። ሴቶቹ ነጠላዬን አዘቅዝቀው አለበሱኝ።

"አልቅሺ እንጂ!" አለችኝ አንዷ፣ ትከሻዬን ይዛ።

"ተዋት፣ ደንግጣ ነው" አለች ሌላዋ።

"ምን ድንጋጤ ነው፤ ጨክና ነው" የምትልም ሰማሁ። ማን እንዳለችው ለማየት አልዞርኩም።

ለተዝካሩ የሚሆነውን እህል፣ ውሃ ስለሌለ፣ ሴቶቹ ተከፋፍለው በየቤታቸው በእጅ ፈጩት። የእኔን ድርሻ እኔ ፈጨሁ። ካህናቱ ጸለዩ፣ ሰዉ በላ፣ ሄደ። ክረምቱ ሲገባ ውሃው ተመለሰ፣ እኔም ወደ መዶሻዬ ተመለስኩ። ዓመቱ ሞላ።

ከዚያ ወንድሜ ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ፣ ሊወስደኝ መጣ። አማቴ ጠላ ቀዱለት፣ የመጣበትን ከሰሙ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሂጂ" አሉ። "ልጅነትሽ እዚህ አይለቅ።"

"እርስዎስ አባዬ?"

"እኔ ወፍጮ አለኝ።"

ጉልበታቸውን ሳምኩ። ግንባሬን ይዘው መረቁኝ። ወፍጮው የናፍጣ ወፍጮ ወደ ሰፈሩ እስኪገባ ድረስ እንደሠራ፣ እሳቸውም ከዚያ በፊት እንዳረፉ ከዓመታት በኋላ ሰማሁ። ለቀብራቸው አልደረስኩም፤ ያን ጊዜ ጦርነቱ መንገዱን ዘግቶት፣ መርዶውም አልደረሰኝም ነበር።

ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር የሄድነው በጭነት መኪና፣ በስንዴ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው። ወንድሜ ጆንያው ላይ ተኛ። አጠገቤ አንዲት የማላውቃት ሴት ነበረች፤ ነፋሱ እንዳይወስድባት ሻሿን በአንድ እጇ ይዛለች።

"ወዴት ነሽ እቴ?" አለችኝ።

"እስቴ፣ ወንድሜ ቤት።"

"ባልሽስ?"

"ሞቷል" አልኳት። ቃሉን እኔ ራሴ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ከአፌ ሲወጣ እንደ ማንኛውም ቃል ነው።

"ነፍስ ይማር" አለች። ከዚያ ቋጠሮዋን ፈታችና የገብስ ቆሎ መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝ። በላሁ። ጨው በዝቶበት ነበር።